ፖስታውን ክፈቺ፤ አበልሽን ለብቻው አኑሪ

ያን ፖስታ ክፈቺው። አዎ፣ ከፒዛ ማስታወቂያና ከኩፖን ጋር ማቀዝቀዣው ላይ የቆለልሽውን፣ የፍርድ ቤት አድራሻ ያለበትን። ካልከፈትሽው የሌለ ይመስልሻል፤ አላውቅሽም እንዴ? አገር ቤት «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ አሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ዝም ያለ ሰው ይነቅዛል፣ የኔ እናት። የክሬዲት ካርድ ኩባንያ ከሶሽ መልስ ካልሰጠሽ፣ ዳኛው የሚሰማው የእነሱን ብቻ ነውና ይፈረድብሻል። መጥሪያው ጭራሽ ሳይደርስሽ ተፈርዶብሽ ከሆነ ፍርዱ እንዲነሳልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል።

እሺ፣ ተፈርዶብሻል እንበል። ታመሽ ሥራ አቆምሽ፣ ካርዱ ሳይከፈል ከረመ፣ ኮሌክሽን ገባ፣ በመጨረሻ ጀጅመንት መጣ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳሽ አንድ ነገር ነው፦ በየወሩ የሚገባልሽን የዲሴቢሊቲ ገንዘብ ይወስዱብሽ እንደሆነ። መልሱን ከፊት ልንገርሽና ተንፍሺ፤ በሕግ አይወስዱም። ክሬዲት ካርድ ይሁን ሆስፒታል፣ የድሮ አከራይ ይሁን መኪናሽን ነጥቆ የቀረውን ሂሳብ የሚጠይቅ ፋይናንስ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ ጠያቂ ሁሉ ፍርድ በእጁ ቢኖርም የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብሽን ማስያዝ አይችልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አንቀጽ 207 ይከለክለዋል። ሠርተሽ ታክስ ከፍለሽ ያገኘሽው ኤስኤስዲአይም ሆነ ገቢውና ጥሪቱ ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ኤስኤስአይ በዚህ ጥላ ሥር ነው።

«ባንክ ከገባ በኋላስ?» ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቄያለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 መልሶታል። ዊልክስ የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው የተጠራቀመ የዲሴቢሊቲ ክፍያ መጥቶለት ባንክ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀደም ሲል ይረዳው የነበረው የኤሴክስ ካውንቲ የእርዳታ ቦርድ «ያበላሁትን ይመልስልኝ» ብሎ ከሰሰ። ሰውየው እመልሳለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር። ዳኞቹ ግን ገንዘቡ ባንክ ስለገባ ጥበቃው አይገፈፍም፣ የመንግሥት አካልም ቢሆን አይወስደውም አሉ። ፊልፖት በመባል የሚታወቀው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ጠበቆች በየችሎቱ ይጠቅሱታል።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ካለ እኔ ምን አነዘነዘኝ? ሕጉ ቢጠብቅሽም፣ የባንኩ ኮምፒውተር ግን የሚያየው የተወሰነ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን የማስረዳት ሥራ ያንቺ ነው። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ይግባ። ከሜይ 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ደንብ አለ። ዕዳ ጠያቂው ጋርኒሽመንት የሚባለውን የሂሳብ እግድ ወደ ባንክሽ ሲልክ፣ ባንኩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ያለፉትን ሁለት ወራት ሂሳብሽን ይመረምራል። በእነዚያ ሁለት ወራት ከፌዴራል መንግሥት በዳይሬክት ዲፖዚት የገባውን ይደምርና ያንን ያህል፣ ሂሳብሽ ላይ ያለው ከዚያ ካነሰ ደግሞ ያለውን ሁሉ፣ ሳይነካ ይተውልሻል። ማመልከቻ አያስፈልግም፣ ልመና አያስፈልግም፣ ከተጠበቀው ገንዘብ ላይም የእግዱን የአገልግሎት ክፍያ መቁረጥ አይችልም። በቁጥር ላሳይሽ፤ በወር 1,400 ዶላር የሚገባልሽ ከሆነ የሁለቱ ወር 2,800 ነው። ሂሳብሽ ላይ 1,900 ካለ አንድ ሳንቲም አይታገድም። 3,500 ካለ ግን 2,800ው ይለቀቅልሽና 700ው ይታገዳል። ያ 700 ዶላር ካለፈው ዓመት አበልሽ ያጠራቀምሽው ቢሆን እንኳ ይታገዳል፤ በሕጉ አሁንም ያንቺ ነው፣ ግን ፍርድ ቤት ሄደሽ ማስረዳት ይኖርብሻል።

በቼክ ተቀብለሽ ራስሽ የምታስገቢው ከሆነ ይህ አውቶማቲክ ጥበቃ የለሽም፤ ባንኩ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አያውቅልሽም። መንግሥት ራሱ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወዲህ የወረቀት ቼክን እያስቀረ ነውና አሁንም ቼክ የምትጠብቂ ከሆንሽ ይሄ ሰበብ ይሁንሽ። ባንክ ካልወደድሽ ዳይሬክት ኤክስፕረስ የሚባለው ካርድ አለ፤ አበሉ እዚያ ሲገባም ያው ጥበቃ አለው። ወታደር ሆነሽ ያገለገልሽ ከሆነ የቬተራን ዲሴቢሊቲሽም በዚሁ ደንብ ይጠበቃል። በመሥሪያ ቤትሽ በኩል ከኢንሹራንስ የሚመጣው የዲሴቢሊቲ ክፍያ ግን ከዚህ ደንብ ውጪ ነው፤ የእሱ ነገር እንደየስቴቱ ሕግ ነው።

ሁለተኛ፣ አትደባልቂ። ይህችን ሁለት ጊዜ ብናገራት አትቆጪኝ። ጤፍና ገብስ አብሮ ከተፈጨ በኋላ ልለይ ብትዪ ወፍጮ ቤቱ ይስቅብሻል። አበልሽ የሚገባበት ሂሳብ ውስጥ ሌላ ነገር አይግባ። ልጅሽ ከኡበር የሚያገኘው፣ እህትሽ ለቤት ኪራይ በዜል የምትልክልሽ፣ ለሠርግ የተዋጣው፣ ሁሉም ወደ ሌላ ሂሳብ። ልጅሽ አብሮሽ የሂሳቡ ባለቤት ከሆነና ደሞዙ እዚያው የሚገባ ከሆነ፣ ካንቺ አበል በላይ ያለው ገንዘቡ ባንቺ ዕዳ ይታገድበታል። ከዚያ የእራት ሰዓት ጭቅጭቁን አስቢው።

በተለይ እቁብ! እቁብ ሰብሳቢ ነሽ፣ ደግሞም ታማኝ ነሽ፣ ለዚህ ነው የመረጡሽ። ግን የሃያ ሰው ገንዘብ በአበልሽ ሂሳብ ውስጥ ሲያልፍ እግድ ቢመጣ፣ «ይሄ የወይዘሮ እገሊት ዕጣ ነው» ብለሽ ለባንኩ ኮምፒውተር ማስረዳት አትችዪም። ኤስኤስአይ የምትቀበዪ ከሆነ ደግሞ ከዕዳ ጠያቂው ይልቅ ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ይጠይቅሻል። ለኤስኤስአይ የሚፈቀደው ጥሪት ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ የሚቆጠረውም ወሩ ሲጀምር ያለው ነው። የሰው ዕጣ በወሩ መባቻ በስምሽ ከተገኘ ያንቺ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ሰብሳቢነቱን ለሌላ ሰው አስረክቢ፤ ቡናውን አንቺ አፍዪ።

እዚሁ ላይ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከቼኪንግ ወደ ሴቪንግ ማዘዋወር ያለ ነው፣ አይደል? ባንኩ ሁለቱን ሂሳቦች ለየብቻ ነው የሚመረምራቸው። መጀመሪያ ቼኪንግ የገባው አበል ወደ ሴቪንግ ሲዞር፣ ሴቪንጉ ላይ «ከመንግሥት የገባ» የሚል ምልክት የለም። ስለዚህ አበሉ በገባበት ይቀመጥ፤ ከዚያው አውጥተሽ ኪራይሽን፣ መብራትሽን፣ መድኃኒትሽን ክፈዪ።

ሦስተኛ፣ ዕዳ ያለብሽ ባንክ ውስጥ አበልሽን አታስገቢ። የዚያው ባንክ ክሬዲት ካርድ ወይም የድሮ ኦቨርድራፍት ካለብሽ፣ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከሂሳብሽ ላይ ላንሳ ሊል ይችላል። ይህ ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ላይ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው አልተስማሙም። አንቺ የክርክሩ ማሳያ አትሁኚ፤ ሌላ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ሂጂና አበሉን ወደዚያ አዙሪው። አዲሱ ሂሳብ አንድ ክፍያ ሳይገባበት አሮጌውን አትዝጊ፣ እሺ ዓለሜ?

አሁን ደግሞ ማን ሊወስድ እንደሚችል ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ በኋላ ትወቅሽኛለሽ። መንግሥት ራሱ ዕዳ ጠያቂሽ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የፌዴራል ታክስ ውዝፍ ካለብሽ ከኤስኤስዲአይሽ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ለፌዴራል የተማሪ ብድርም ሕጉ እስከ 15 ከመቶ ይፈቅዳል፤ ግን በወር 750 ዶላር ሊተውልሽ ይገባል። ይህ 750 በ1996 የወጣ ቁጥር ነው፤ የእንጀራ ዋጋ ስንት እጥፍ ሲሆን እሱ ንቅንቅ አላለም። የተማሪ ብድር ካለብሽ መቆረጡን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ሙሉና ዘላቂ የአካል ጉዳት ላለው ሰው ብድሩ ጭራሽ የሚሰረዝበት መንገድ አለና ለእሱ አመልክቺ። የልጅ ማሳደጊያና የቀድሞ ትዳር ቀለብም ከኤስኤስዲአይ ይቆረጣል። ከኤስኤስአይ ግን ለታክስም ለቀለብም አይቆረጥም።

ወንድማችንም ይሄን የሚያነብ ከሆነ ይስማ፦ ቀለብ የተወሰነብህ ደህና ደሞዝ ሳለህ ከሆነና አሁን በዲሴቢሊቲ ከሆንክ፣ ፍርድ ቤቱ መጠኑን እንዲያሻሽል አመልክት። ሳታመልክት የከረምክበት ይጠራቀማል። ልጁም በአንተ የኤስኤስዲአይ መዝገብ የራሱን አበል የማግኘት መብት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ለቀለቡ እንዲታሰብልህ ጠይቅ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ «በትርፍ ከፍለንሻል» ብሎ ሲጽፍልሽም ከሚመጣው አበልሽ ይቆርጣል። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለዛሬው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አይተሽ ይግባኝ ወይም የምሕረት ጥያቄ በጊዜ አስገቢ ብዬ ልለፈው።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ኮሌክተሩ ሲደውል ድምፁ ማር ነው፤ «ለቅን ልቦና ማሳያ 25 ዶላር ብቻ ክፈይ» ይልሻል። አንቺ ደግሞ ይሉኝታሽ አያድርስ! ትሰጫለሽ፣ ከነባንክ ቁጥርሽ። ልብ በዪ፣ ሕጉ የሚከለክለው በግድ መውሰድን ነው፤ በፈቃድሽ የባንክ ቁጥርሽን ሰጥተሽ በየወሩ እንዲወስድ ከፈቀድሽለት እየወሰደ ይቀጥላል። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ መስጠትም ያው ነው። ቁጥርሽን ለማንም በስልክ አትስጪ። ዕዳ መክፈል መልካም ነው፣ አልከራከርሽም፤ ግን ከኢንሱሊንሽና ከኪራይሽ የሚቀድም የክሬዲት ካርድ ዕዳ የለም። ዲሴቢሊቲ የምትበዪው ሰርቀሽ አይደለም፣ ቀና በዪ።

ለኮሌክተሩ ወይም ለዕዳ ጠያቂው ጠበቃ ደብዳቤ ጻፊ። አጭር ይሁን፦ ገቢዬ የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሴቢሊቲ ብቻ ነው፣ ባንክ ያለኝም እሱው ብቻ ነው፣ በአንቀጽ 207 የተጠበቀ ነው፣ ከእንግዲህ አትደውሉልኝ። በፖስታ ቤት በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው፤ ቅጂውንና ደረሰኙን ያዢ። የባንክሽን ስምና ቁጥር ግን እንዳትጽፊበት! ከ1977 ጀምሮ ያለው የዕዳ ሰብሳቢዎች ሕግ፣ በጽሑፍ አቁሙ ከተባሉ እንዲያቆሙ ያስገድዳቸዋል። ባትጽፊም እንኳ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይፈቀድላቸውም፤ «ፖሊስ እንልክብሻለን» ማለትም ክልክል ነው። ሕጉ በዋናነት የሚይዘው የሌላ ሰው ዕዳ የሚሰበስቡትን፣ ጠበቆቻቸውንም ጨምሮ ነው። ደግሞም ደብዳቤው ስልኩን እንጂ ፍርዱን አያጠፋውም።

በሬዲዮና በፌስቡክ «ዕዳሽን በግማሽ እናስቀንሳለን» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ሊወሰድ የማይችል ገንዘብሽን በየወሩ ላኪልን ማለታቸው ነው።

በዕዳ አይታሰርም፤ ትዕዛዝ በመናቅ ግን ሊያሳስር ይችላል፤ ይህን ለይተሽ ያዢ። ከፍርዱ በኋላ ዕዳ ጠያቂው «ቀርባ ስላላት ንብረት በመሐላ ትናገር» የሚል ትዕዛዝ ሊያወጣብሽ ይችላል። በዚያ ቀን ካልቀረብሽ ዳኛው ተይዘሽ እንድትመጪ ሊያዝ ይችላል፤ እሱም ለዕዳው ሳይሆን ለመቅረትሽ ነው። ስለዚህ ቅረቢ፤ ታመሽ መቅረብ ካልቻልሽ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ አሳውቂ። ስትቀርቢ እውነቱን ተናገሪ፤ ዲሴቢሊቲ ነው፣ በወር ይሄን ያህል ነው፣ ሌላ የለኝም በዪ። ብዙ ጊዜ የዕዳ ጠያቂው ጠበቃ ይህን ሲሰማ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርገዋል።

እውነቱን ተናገሪ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የእኛ ሰው አንድ በሽታ አለበት፦ ሲጨንቀው ገንዘቡን በአጎቱ ልጅ ስም ያስቀምጣል። አታድርጊው። ያንቺ የተጠበቀ ገንዘብ በእሱ ስም ሲገባ ጥበቃውን በገዛ እጅሽ ጣልሽው ማለት ነው፤ እሱ ዕዳ ካለበት በእሱ ዕዳ ይያዛል፣ ከሚስቱ ጋር ቢጣላ በፍቺው ይቆጠራል፣ ኤስኤስአይ ከሆንሽ ደግሞ መደበቅ ይባላል። ለሰው መኪና ኮሳይን ማድረግም አቁሚ። ዋስትና መልካም ስም ያሰጣል፣ ጀጅመንቱንም ይዞ ይመጣል።

የተጠራቀመ ክፍያ በአንድ ጊዜ ከመጣልሽ ጠበቅ በዪ። የሁለት ወሩ ምርመራ ሁለት ወር ብቻ ነውና፣ ትልቁ ክፍያ ሳይነካ ሦስት ወር ከተቀመጠ ከአውቶማቲክ ጥበቃው ይወጣል። ለብቻው ያዢው፣ የመጣበትን ደብዳቤ አትጣዪ። ኤስኤስአይ ከሆነ የተጠራቀመው ክፍያ ለ9 ወር ከጥሪት አይቆጠርብሽም፤ ከዚያ በኋላ ይቆጠራል። ኤብል የሚባለው የቁጠባ ሂሳብ ደግሞ አለ፤ ጉዳቱ የጀመረሽ ከ26 ዓመትሽ በፊት መሆን ነበረበት፣ ከጃንዩወሪ 2026 ጀምሮ ግን 46 ሆኗል። እዚያ የገባ እስከ 100,000 ዶላር ኤስኤስአይን አይነካብሽም። ከዕዳ ጠያቂ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ግን እንደየስቴቱ ነው፤ ከፍተሽ ከመሙላትሽ በፊት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠውን ሊጋል ኤይድ ጠይቂ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርገሽም ካርድሽ አንድ ቀን ሴፍዌይ ካሸሩ ፊት እምቢ ሊልሽ ይችላል። አታልቅሺ፣ ቲማቲሙን መልሺና የዚያኑ ቀን ባንክ ሂጂ። ምን እንደታገደ ጠይቂ፣ የትዕዛዙን ቅጂ ውሰጂ፤ የመዝገቡ ቁጥርና የፍርድ ቤቱ ስም እሱ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደሽ «ይህ ገንዘብ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ይለቀቅልኝ» የሚለውን ፎርም ጠይቂ። ስሙ በየስቴቱ ይለያያል፤ የማስገቢያው ቀን ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ሞልተሽ አስገቢ፣ አንዱን ቅጂ ለዕዳ ጠያቂው ጠበቃ ላኪ፣ ሌላው ማህተም ተመቶበት አንቺ ጋር ይቅር። የባንክ ስቴትመንትሽን አትሚና «ኤስኤስኤ ትሬስ 310» የሚሉትን መስመሮች በማድመቂያ ቀለም አስምሪባቸው፤ ከሶሻል ሴኩሪቲ የገባ ማለት ናቸው። የአበል ማረጋገጫ ደብዳቤሽንም ጨምሪ፤ በ1-800-772-1213 ደውለሽ ወይም በኢንተርኔት አካውንትሽ በነፃ ታገኚዋለሽ።

ጠበቃ የሚከፈልበት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሜሪላንድ ከሆንሽ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ከሆንሽ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ፣ ሲያትል ከሆንሽ ኖርዝዌስት ጀስቲስ ፕሮጀክት አለልሽ፤ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው በነፃ ይረዳሉ። ዕዳሽ ብዙ ከሆነ ባንክራፕሲ ይሻልሽ እንደሆነም እነሱን ጠይቂ፤ ምንም ከሌለሽ ላያስፈልግሽም ይችላል። ቤት ካለሽ ወይም ወደ ሥራ ለመመለስ ካሰብሽ ግን ሳትዘገዪ ጠይቂ። ፍርዱ በቤትሽ ላይ ሊመዘገብ ይችላል፤ ደሞዝ ደግሞ እንደ አበል አይደለም፣ ከተጣራው እስከ ሩብ ድረስ ሊቆረጥ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ፍርድ 12 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል።

የችሎቱ ቀን ሲቆረጥልሽ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብልሽ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ አያስከፍልሽም። «እንግሊዝኛ እኮ እችላለሁ» ትዪኛለሽ፤ ገበያ ላይ ትችያለሽ፣ በመሐላ ቃል ስትሰጪ ግን በአፍ መፍቻሽ ተናገሪ። ልጅሽን ከትምህርት ቤት አስቀርተሽ አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳትወስጂው። ፈተና አለው።